የንግሥቲቱ ልጆች የእቃ እቃ ቤት፤ ጎጆ እንበለው ወይስ ሠቀላ?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ባለፈው ሳምንት ከልጄ ጋር ከሳውዝሃምፕተን በጀልባ ተሻግረን ዋይት ደሴት ደርሰን መጣን። የሄድነው ኦስቦርንን ልናይ ነው፤ ንግሥት ቪክቶሪያና ባሏ ልዑል አልበርት በ1845 የገዙትን የገጠር ርስት። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።) ስለ ትልቁ ቤት አላወራም፤ ስለ ወርቅ ቅቡና ስለ ሐውልቱ የሚያወራ ሞልቷል። ነገሬ ከዚያ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል በዛፍ መካከል ሄደው ስለሚያገኙት ሌላ ቤት ነው።

ቤቱ የእንጨት ነው፤ ጠቁሮ የተቆላ ቡና መስሏል። ጣራው ሰፊና ዘርጋ ያለ ሆኖ ከግድግዳው አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል፤ በላዩም ድንጋዮች ተደርድረውበታል። ሰገነት አለው፤ የሰገነቱ መከታ እየተፈለፈለ ጥልፍ መስሏል። ከውጭ ግድግዳው ላይ ከመዝሙረ ዳዊትና ከመጽሐፈ ምሳሌ የተወሰዱ ቃላት በጀርመንኛ ተቀርጸዋል። ስዊስ ኮቴጅ፣ የስዊስ ጎጆ፣ ይሉታል። የአልፕስ ተራራ ገበሬ ቤት እንግሊዝ አገር ባሕር ዳር መጥቶ ቁጭ ብሏል ማለት ነው።

ዙሪያው የአትክልት መደብ ነው። ቪክቶሪያ ይህን ቤት በ1854 ለዘጠኝ ልጆቿ ስትሰጥ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መደብ ነበራቸው። በቁመታቸው ልክ የተሠራ አካፋና መኮትኮቻ፣ የስማቸው መነሻ ፊደል የተጻፈበት ትንሽ የእጅ ጋሪም ነበራቸው። ያበቀሉትን አባታቸው በገበያ ዋጋ ይገዛቸው ነበር። ሴቶቹ ደግሞ ታች ባለው ማድቤት ኬክ እየጋገሩ እናትና አባታቸውን ሻይ ይጋብዙ ነበር።

ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። ማን ይኖርበት ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ማንም፣ አልኳት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ግን ከነከነኝ። ማንም ያልኖረበት ቤት፣ ቤት ነው? ለእኔ ያማረ ውሸት ነው፤ ሞፈር ለማይነካ እጅ የተሠራ የገበሬ ቤት። የተሳሳትኩ የሚመስለው ይንገረኝ። በአማርኛስ ምን ብለን እንጥራው?

መልሶቹ

ሠላሳ ደርሰዋል። ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች እንደ ቁጥራቸው እተርካቸዋለሁ። ቃል በቃል አልገለብጥም፤ አንዳንዶቹ ቢገለበጡም ለጻፋቸው ሰው ክብር አይጨምሩም።

መልስ 1 የመጣው በጨዋ ቃል ነው። ጸሐፊዋ እኅቴ ብላ ጀምራ ስለ ማድቤቱ ዘርዘር አድርጌ እንድጽፍ ጠየቀችኝ፤ ምግብ አብሳይ ናት።

መልስ 2 የእኔ ነው። ማድቤቱ ግድግዳው ሰማያዊና ነጭ ሸክላ የለበሰ ክፍል ነው። ምድጃው የብረት ነው፤ ከአዋቂ ምድጃ የጎደለው ነገር የለም፤ ያነሰው ቁመቱ ብቻ ነው። ልጄ አጠገቡ ብትቆም ድስት ለማማሰል ጎንበስ ማለት አያስፈልጋትም፤ እኔ ግን ወገቤን አጥፌ ነው ውስጡን ያየሁት። የሚገርመው እንደ መጫወቻ የቀለለ ነገር አለመሆኑ ነው። እሳት ይነድበታል፤ እጅ ያቃጥላል። አልበርት የውሸት ምድጃ አላሠራም።

መልስ 3 አራሚ ነው። ማንቸስተር የሚኖር፣ በጡረታ ላይ ያለ የታሪክ መምህር እንደሆነ ቀደም ባሉ ውይይቶች አውቀዋለሁ። አነጋገሩ ለስላሳ ነበር፤ ግን አንድ በአንድ ለቀመኝ። አንደኛ፣ ሐሳቡ የአልበርት እንጂ የቪክቶሪያ አይደለም። ሁለተኛ፣ ቤቱ ሲሰጥ ልጆቹ ዘጠኝ ሳይሆኑ ስምንት ነበሩ፤ የመጨረሻዋ ቢያትሪስ የተወለደችው በ1857 ነው። ሦስተኛ፣ የመሠረት ድንጋዩን ልጆቹ ያስቀመጡት ግንቦት 5 ቀን 1853 ነው፤ ቤቱን የተረከቡት በዓመቱ፣ ግንቦት 24፣ በእናታቸው ልደት ቀን ነው። ካረመኝ በኋላ አንድ ነገር ጨመረ። ስምንተኛው ልጅ፣ ልዑል ሊዮፖልድ፣ መሠረቱ ሲጣል ገና የአንድ ወር ሕፃን ስለነበር፣ ድንጋይ በማስቀመጡ ሥራ ብዙ አላገዘም። ስምንት ማለቱን ተቀብያለሁ፤ ከላይ ያለውን ግን እርማቱ ትርጉም እንዲኖረው ሳልነካው ትቼዋለሁ።

መልስ 4 ከዱባይ ነው። ይህን ውይይት ስከፍት አንዲት የቤት ሠራተኛ ትመልስልኛለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። ደሴ ልጅ ሳለች ከጎረቤት ልጆች ጋር የሚጫወቱትን እቃ እቃ አስታወሰች። ቆርኪው ድስት ነበር፣ የሸክላ ስባሪው ምጣድ፣ እርጥብ አፈሩ ደግሞ እንጀራ፤ ለወጥ ቅጠል ይቆርጣሉ፤ አባወራ የሚሆነው ልጅ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይመጣና ምግብ የለም ወይ ብሎ ይቆጣል። አሁን በምትሠራበት ቤት ያሉ ሁለት ልጆች የፕላስቲክ ማድቤት አላቸው፤ ውኃ የሚያፈስ ቧንቧ፣ መብራት የሚበራበት ምድጃ። በየማታው የምታጥበው እሷ ናት። ያ ማድቤት ከምትተኛበት ክፍል ስፋት ግማሹን ይይዛል። የኦስቦርንን ቤት ውሸት ለማለት እንደማትቸኩል ጻፈች፤ ቢያንስ እነዚያ ልጆች ራሳቸው ያጥቡ ኖሯል ብላ ተስፋ አደረገች።

እቃ እቃ የሚለውን ቃል ለርእሴ የወሰድኩት ከእሷ ነው።

ከ5 እስከ 7 ያሉት የጀልባ ጥያቄ፣ የምስጋናና አንድ ለሌላ ውይይት የተጻፈ ሆኖ እዚህ የተለጠፈ የመኪና ማስታወቂያ ናቸው። እንለፋቸው።

መልስ 8 ላይ ነገሩ ሞቀ። ጎንደሬ ሽማግሌ ናቸው፤ አንቱ ብለን የምንጠራቸው። ጎጆ ማለት ክብ ቤት ነው፤ መሐል ምሰሶው፣ ዙሪያ ማገሩ፣ ላይ ሣር ክዳኑና ጉልላቱ ካልተሟሉ ጎጆ አይባልም ብለው ቆፍጠን አሉ። አራት ማዕዘን ሆኖ ጣራው ሁለት ተዳፋት ያለው ቤት በአባቶቻችን አነጋገር ሠቀላ ነው፤ ፎቅ ካለው ደግሞ ባለ ደርብ ሠቀላ ነው። ፈረንጅ ትንሽ ቤት ባየ ቁጥር ጎጆ እያልን መተርጎማችን የቤት ስሞቻችንን እንዳጠፋብን በምሬት ጻፉ። ዕልፍኝና አዳራሽ የማይለይ ትውልድ እንደመጣም ጨመሩ፤ ይህ ለእኔ ነው።

መልስ 9 ከዋሽንግተን ነው። አዲስ ተጋቢዎች ጎጆ ወጡ ሲባል ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ቢገቡም ጎጆ ወጡ ነው የሚባለው፤ ስለዚህ ቃሉ ከክብነት ከተላቀቀ ቆይቷል ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ጥሩ ነበር፤ ሽማግሌውን ጋሼ ብሎ ጀምሮ መዝገበ ቃላት ብቻውን ቤት አይሠራም ብሎ መጨረሱ ነው ያበላሸው።

መልስ 10 ያረገበው ሰው ነው። ኦስቦርንን ሁለት ጊዜ አይቶታል። ከስዊሱ ቤት አጠገብ የልጆቹ መሣሪያ የሚቀመጥበት ሣር ክዳን ያለው ትንሽ ቤት እንዳለና የእጅ ጋሪዎቹ እዚያ ተደርድረው እንደሚታዩ አስታወሰን። ስለዚህ ሁለቱም ተከራካሪዎች ትክክል ናቸው፤ ልዕልቶቹ ሠቀላ፣ የእጅ ጋሪዎቹ ጎጆ አግኝተዋል። ሽማግሌው የሳቅ ምልክት አስቀመጡለት። በሰባት ዓመት ውስጥ የሳቅ ምልክት ሲያስቀምጡ ያየሁት ይህ የመጀመሪያ ነው።

መልስ 11 ከስዊስ ከተማ ከቤርን ነው፤ በሙያው አናጢ የሆነ የአገራችን ሰው። ከሁሉም የተማርኩት ከዚህ ነው። በአልፕስ የድሮው ቤት ጣራ የሚከደነው በቀጭኑ በተሰነጠቀ እንጨት ነው። ምስማር ውድ በነበረበት ዘመን ክዳኑ ነፋስ እንዳይወስደው በላዩ ግንድ ተጋድሞ ድንጋይ ይጫንበታል። ጣራው ዘርጋ ያለው ድንጋዩ እንዳይንሸራተት ነው፤ በረዶውም ተጋግሮ እንዲቆይበት ነው፤ የተኛ በረዶ ብርድ ልብስ ነውና ቤቱን ያሞቃል። ከግድግዳው አልፎ የሚወጣው ጣራ ደግሞ እንጨቱን ከዝናብ ይጠብቃል፤ ሥሩም የማገዶ መደርደሪያ ነው። ታችኛው ክፍል ድንጋይ ሲሆን ላይኛው እንጨት ነው። በቤርን ደጋማ ገጠር ቤቱን ያሠራው፣ አናጢውና ዓመተ ምሕረቱ ከአንድ የጸሎት ቃል ጋር ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ይቀረጻሉ፤ የኦስቦርኑ የጀርመንኛ ጽሑፍ ምንጩ ይህ ልማድ ነው። እኔ ጌጥ ነው ብዬ ያለፍኩት ሁሉ በአገሩ ሥራ ነበረው።

መልስ 12 አጭርና ሹል ነው። ዋይት ደሴት ላይ በረዶ ስንት ቀን ይተኛል ብሎ ጠየቀ። እንግዲያው ድንጋዮቹ እዚያ ምን ይሠራሉ? እንደ ተሰብሳቢ አጨብጫቢ ጣራ ላይ የተሰለፉ ድንጋዮች ናቸው ብሎ አላገጠ።

መልስ 13 አናጢው ተመልሶ መጣ፤ ትንሽ ተቀይሟል። ቅጂ ቢሆንም እንጨቱን የጠረበ፣ መገጣጠሚያውን የፈለፈለ እጅ የእውነት እጅ ነው፤ ባለሙያ የሰው ሐሳብ ሲሠራ ሥራው ውሸት አይሆንም። አዲስ አበባ ላይ የግሪክ አምድ እያስመሰሉ በሲሚንቶ የሚያቆሙትን ቪላ አሠሪዎችም በዚያው ልክ ብትስቁባቸው ብሎ ደመደመ።

እዚህ ላይ ሐሳቤ መንቀሳቀስ ጀመረ። ያኔ ግን አልተናገርኩም።

መልስ 14 ሁሉን ነገር ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው። ለንደን የሚኖሩ አንባቢዎች ስዊስ ኮቴጅ ሲሉ የሚያስቡት የባቡር ጣቢያውን ነው። ጸሐፊው የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ የከተማውን ጣቢያዎች ታሪክ እንደ ዳዊት ደግሞታል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በ1804 በስዊስ ቤት አምሳል ከተሠራ መጠጥ ቤት ነው፤ የአልፕስ ቤት ፋሽን ከአልበርት በፊት ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ቀድሞ እንግሊዝ ገብቷል ማለት ነው። ዛሬ የምንሳፈርበት ጣቢያ የተከፈተው በ1939 ነው። የመጀመሪያው ባቡር ግን ከቤከር ስትሪት ተነሥቶ ስዊስ ኮቴጅ የደረሰው ሚያዝያ 13 ቀን 1868 ነበር።

ቀኑን አስልቶ በእኛ አቆጣጠር ጻፈው፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.። ሌላ ምንም አልጨመረም። መጨመርም አላስፈለገውም፤ መቅደላ የወደቀችበት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን የጠጡበት ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ስለ ሣር ክዳን የሚያወራ ጠፋ።

መልስ 15 ልዑል ዓለማየሁን አነሣ። የሰባት ዓመት ልጅ አባቱን መቅደላ ላይ ተነጥቆ፣ እናቱ በመንገድ ሞታበት፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ኦስቦርን ንግሥቲቱ ፊት ቀረበ። ጸሐፊው እዚህ ላይ ስሜቱ አሸነፈው፤ ልጁ በዚያ የስዊስ ቤት ከልዑላኑ ጋር እንደተጫወተ፣ በትንሿ ምድጃ ኬክ እንደጋገሩለት አድርጎ ጻፈ።

መልስ 16 የማንቸስተሩ መምህር ነው፤ የመጀመሪያው ልስላሴው የለም። ዓለማየሁ ኦስቦርን መጥቶ ንግሥቲቱን ማየቱ የተመዘገበ ነው፤ ኬኩ ግን የጸሐፊው ነው ብሎ ቁርጥ አድርጎ ነገረው። ስለ ደሴቲቱ ማውራት ከፈለገ የተረጋገጠ ነገር ሞልቷል፤ ልጁን ይዞት የመጣው ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ፣ የእኛ ሰዎች ባሻ ፈለቀ ያሉት ግዙፍ ሰው፣ እዚያው ዋይት ደሴት ላይ አኖረው። ፍሬሽወተር በምትባል መንደር ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ሁለቱን ፎቶግራፍ አነሣቻቸው። ፎቶግራፉን ያየ ሰው የልጁን ዓይን አይረሳም፤ ለዚህ ልቦለድ አያስፈልግም።

መልስ 17 የተገሠጸው ሰው ነው። በእርስዎ ጀምሮ በአንተ ጨረሰ። ፈረንጅ ካልጻፈው አልሆነም ማለት ነው ወይ ብሎ መምህሩን በባንዳነት ሊጠረጥረው ምንም አልቀረውም። መልስ 18 አፉን እንዲሰበስብ ነገረው። መልስ 19 የተጻፈውን የመድረኩ ኃላፊ አንሥተውታል፤ እኔ አንብቤዋለሁ፤ መነሣቱ ደግ ነው።

መልስ 20 ከሊድስ። ማንንም ሳትደግፍ ሳትነቅፍ የቀረውን ነገረችን። ልጁ ከስፒዲ ጋር ሕንድ ሄደ፤ ተመልሶ ራግቢ ትምህርት ቤት ገባ፤ ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤትም ተላከ፤ በመጨረሻ እሷ በምትኖርበት ከተማ፣ ሄዲንግሊ፣ ኅዳር 14 ቀን 1879 በ18 ዓመቱ በሳንባ በሽታ ሞተ። የተቀበረው በንግሥቲቱ ፈቃድ ዊንድሰር ነው። ዐፅሙ ይመለስ ተብሎ ኢትዮጵያ ጠይቃለች፤ በ2023 ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት እንደማይሆን መለሰ። በዚያው ዓመት ከፀጉሩ የተቆረጠ ዘለላ ብቻ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ጸሐፊዋ ወደ ሥራ ስትሄድ በየቀኑ በዚያ ሰፈር ታልፋለች፤ ክረምት ላይ በፈረንጅ ሰዓት ገና አራት ተኩል ሲል ይጨልማል።

መልስ 21 አንድ ሰው ከስዊሱ ቤት አጠገብ ባለው ትንሽ ሙዚየም የመቅደላ ዘረፋ ይኖርበት እንደሆነ ጠየቀ። ሙዚየሙ ልጆቹ የሰበሰቡትን እንዲይዝ በ1862 በዚያው በአልፕስ ቤት አምሳል የተሠራ ሌላ ቤት ነው። መምህሩ በመልስ 22 አጭር ነበር፤ የመቅደላን ነገር የሚፈልግ ታቦቶቹን በብሪቲሽ ሙዚየም፣ የወርቅ አክሊሉን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ መጻሕፍቱን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይፈልግ። እኔ ያየሁትን ልጨምር። በመስተዋት ሣጥኖቹ ውስጥ ወፎች፣ የድንጋይ ናሙናዎች፣ የባሕር ዛጎሎች፣ ከየአገሩ የመጡ ትናንሽ ዕቃዎች ናቸው የሞሉት። ልጄ ግን አንድ ነገር ፊት ተተክላ አልነቃነቅ አለች፤ አምስት እግር ያለው የደረቀ አጋዘን። እግሮቹን ሦስት ጊዜ ቆጠረች። አልበርት ራሱ ልጅ ሳለ ከወንድሙ ከኤርንስት ጋር እንዲህ ያለ ስብስብ ነበረው፤ በጀርመን ያለው የኮቡርግ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም መሠረቱ ያ ነው። ለልጆቹ ያስተማራቸው የራሱን ልጅነት ነው።

መልስ 23 አርሲ ተወልዶ ስቶክሆልም ያረጀ ሰው ነው። ከዱባዩ በኋላ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን ነው። የኦስቦርን ርስት በአልበርት ጊዜ እየሰፋ ሄዶ ወደ 2,000 ኤከር ደረሰ፤ በእኛ 20 ጋሻ ያህል። አባቱ ከ20 ጋሻ ባለ ርስት መሬት አንዷን ጥግ የሚያርስ ጢሰኛ ነበር። ባለ ርስቱ ከአዲስ አበባ ለበዓል ሲመጣ ልጆቹ ሞፈር መያዝ ያምራቸዋል። አባቱ በሬዎቹን ያቆማል፤ የጌታው ልጅ ሁለት ጠማማ ትልም ያርሳል፤ ሁሉም ያጨበጭባል። እንግዶቹ ሲመለሱ አባቱ ያንን ትልም እንደገና ያርሰዋል። የልጁ ጥፋት እንዳልነበር ጸሐፊው ያውቃል፤ እንዲያውም ልጁ ደግ ነበር፤ ከረሜላ ይሰጠው ነበር። በ1967 ዓ.ም. አዋጁ ወጥቶ ጢሰኝነት ሲቀር፣ ለአንድ ቤተሰብም ከ10 ሄክታር በላይ አይፈቀድም ሲባል፣ አባቱ መጀመሪያ ያደረገው ያችን ጥግ ብቻውን ዞሮ ማየት ነበር። ጸሐፊው ስለ ስዊሱ ቤት አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረበ። ልዑሉ አረም ሲሰለቸው መደቡን ማን ያርምለት ነበር?

መልስ 24 የአልበርት ጠበቃ ነው። ሰውየው ለድሃ ቤትም ያሰበ መሆኑን አስታወሰ፤ በ1851ዱ ታላቅ ኤግዚቢሽን ጊዜ ሄንሪ ሮበርትስ በሚባል መሐንዲስ ዕቅድ ለአራት ቤተሰብ የሚሆን የሠራተኛ ቤት ናሙና አሠርቶ አሳይቷል። ከጡብ የተሠራ ነው፤ ጡቡ ውስጡ ክፍት ሆኖ ሙቀት እንዲይዝ የታሰበ። እያንዳንዱ ቤት ሦስት መኝታ ክፍል አለው፤ ለወላጆች፣ ለወንዶች፣ ለሴቶች። የራሱ መጸዳጃ አለው፤ በዚያ ዘመን ብርቅ ነው። ኤግዚቢሽኑ ሲያበቃ ፈርሶ ኬኒንግተን ፓርክ ተተከለ፤ እስከ ዛሬ ቆሟል። በአንድ ወቅት ውስጥ የልጆቹን ቤትም የሠራተኛውንም ቤት ያሰበን ሰው በአንዱ ብቻ መፍረድ ተገቢ አይደለም ብሎ ዘጋ። ጥሩ ነጥብ ነው። የአርሲውን ሰው ጥያቄ ግን አልመለሰም፤ ከ24 በኋላም የመለሰለት የለም።

መልስ 25 ከብሪስቶል፣ ሌላ ምሳሌ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ብሌዝ ሃምሌት የሚባል መንደር አለ፤ ጆን ናሽ በ1811 ገደማ ሃርፎርድ ለሚባል የባንክ ባለ ጸጋ የሠራው። ዘጠኝ ቤቶች በአንድ ሣር ሜዳ ዙሪያ፤ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፤ የጭስ ማውጫቸው ሳይቀር የተለያየ ነው። የተሠሩት ሃርፎርድን አገልግለው ላረጁ ሰዎች ነው። ሰው ይኖርባቸዋል። እንደ ሥዕል ማማር ከመኖር ጋር እንደማይጣላ ለማሳየት ነው ያመጣችው። ከዚያ ግን አንድ ቃል አክላ ራሷ አፈረሰችው፤ በርስት መንደር የሚኖር ሰው ቤቱም ኑሮውም በባለ ርስቱ እጅ ነው። ያማረ ቤት የተሰጠው ሽማግሌ መንገደኛ በመስኮት ሲያየው ዝም ብሎ መታየት አለበት።

መልስ 26 ወደ እኔ ዞረ፤ በቁጣ። ዓለማየሁ በባዕድ አፈር ተቀብሮ እያለ የገዳዮቹን የልጅ መጫወቻ በገንዘብ ከፍሎ ማድነቅ ነውር አይደለም ወይ አለችኝ፤ ሴትዮ ብላ። ልጅሽን እዚያ ወስደሽ ምን አስተማርሻት ብላ ጠየቀች። ሁለት ቀን አልመለስኩላትም። ከዚያ ልጄ ስለ ዓለማየሁ የጠየቀችኝ በመመለሻው ጀልባ ላይ እንደሆነ ብቻ ጻፍኩ፤ ይህም መልስ 27 ነው። በሰባት ዓመቱ ያለ እናት ወደ ደሴቲቱ የመጣ የእኛ ልጅ እንደነበር ስነግራት የእጅ ጋሪ ሰጡት ወይ አለችኝ። ጸሐፊዋ አልመለሰችም፤ ግን ሴትዮ የሚለውን ቃል አጥፍታ እኅቴ አድርጋዋለች። ይህንም አይቻለሁ፤ አመሰግናለሁ።

መልስ 28 መስመር ስቶ መስቀል አደባባይ አጠገብ ስላለው የራስ ብሩ ቤት ነው፤ የአዲስ አበባ ሙዚየም ስለሆነው። የእንጨት ሰገነቱንና የተፈለፈለ ጌጡን ከኦስቦርን ጋር አነጻጽሮ በከተማዋ ስለሚፈርሱ አሮጌ ቤቶች ረዥም ሐዘን ጻፈ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ ራሱን የቻለ ውይይት ይገባዋል፤ እንዲከፍተው ለምኜዋለሁ።

መልስ 29 የመጣው ከዚያችው የመጀመሪያዋ ምግብ አብሳይ ነው። ስለ ማድቤቱ ስታነብ ቆይታ አንድ ነገር አገኘች፤ እኔም ሄጄ በዓይኔ እያየሁ ያላስተዋልኩትን። ስዊሱ ቤት ባዶ አልነበረም። ልጆቹ የሚመጡበት ላይኛው ክፍልና ማድቤቱ ነው፤ በታችኛው ፎቅ ግን ቤቱን የምትጠብቅ ሴትና ከርስቱ አትክልተኞች አንዱ የሆነው ባሏ ይኖሩ ነበር። ልዕልቶቹ ሲጋግሩ ምድጃውን የምታነድላቸው፣ ሲሄዱ አመዱን የምትጠርገው እሷ መሆን አለባት፤ ምግብ አብሳይዋ ይህን የጻፈችው ማድቤት እንደሚያውቅ ሰው ነው። የአርሲው ሰው ለጠየቀው የአረም ጥያቄም እጁ ያለበት ሰው እዚያው ታች ይተኛ ነበር።

ማታ ልጄን ከእንቅልፏ በፊት ጠርቼ መልሴን አረምኩላት። ሴትየዋ የምትተኛበት ክፍል የትኛው ነው አለች። በዚያ በኩል አላሳየሁሽም፣ አልኳት።

መልስ 30 ዛሬ ጠዋት ገብቷል፤ የቤርኑ አናጢ ነው። ጣራው ላይ ያሉት ድንጋዮች ስንት እንደሆኑና ከሥራቸው ግንድ ይኑር አይኑር እንዳየሁ ይጠይቃል። አልቆጠርኩም። ቅዳሜ ዝናብ ካልጣለ በዘጠኝ ሰዓት ተኩሉ ጀልባ እንሻገራለን፤ ቆጣሪዋ ልጄ ናት፤ ሦስት ጊዜ ነው የምትቆጥረው።